በስብከቱ ውስጥ ያለችው ልጅ

ከቤተ ዘይታ፣ በኤሉል ወር አጋማሽ

ወንድሜ ባርላሃ፤

እናታችን ሰላም ብላሃለች። የጉልበቷ ሕመም ትቷታል፤ ደረጃውን ብቻዋን ትወጣለች። የሱፍ መደረቢያህን ጨርሳ ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልህ ዘይት ነጋዴ እጅ ልካልሃለች። አንገቱ ከጠበበህ በእኔ አትፍረድ፤ ሰፋ አድርጊው ብያት ነበር። የእኔን ሰላምታ ግን ለጊዜው ይዤዋለሁ። ተናድጄ ሰላም ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

አዎ፣ የላክኸው ስብከት ደርሷል። ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ተነበበ። ቄስ ማርያብ ከመነበቡ በፊት ቆመው፣ «ይህን ከአንጾኪያው ሰባኪ አፍ እየተቀበለ የጻፈው የእኛው የማሪኖስ ልጅ ነው፤ እጁ ከሰው ምላስ ይፈጥናል» አሉ። እናታችን አንገቷን ቀና አደረገች። እኔም አድርጌ ነበር።

ከዚያ አንባቢው ጀመረ። የአይሁድ ምኩራብ የአጋንንት ጉድጓድ ነው፤ ደጁን የረገጠ እግር እዚያው ይረክሳል፤ መድኃኒታቸው መርዝ ነው፤ ሰላምታቸው ወጥመድ ነው። እንዲህ እያለ ሄደ። የአንጾኪያ ሰው ያጨበጨበበትን ቦታ ሁሉ አንተ በምልክት ይዘህ የለ? አንባቢው ምልክቱ ጋ ሲደርስ ቆም ይልና ቀና ብሎ ያየናል። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገባው። ኋላ ምን እንደሚፈለግበት ሲገባው ማጨብጨብ ጀመረ። ባሲሳ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች። ሦስቱንም ልጆቿን ያዋለዷት ማን እንደሆኑ ረሳህ እንዴ? እማማ ኮሎኒስ ናቸው። ከግድግዳችን ማዶ ያሉት፣ አይሁዳዊቷ እማማ ኮሎኒስ። ሌላ ኮሎኒስ አንተም እኔም አናውቅም።

በመጨረሻ ያ ታሪክ መጣ። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇ ብትታመምባት መሠዊያውን ትታ ወደ አይሁዳዊት ጠንቋይ ሮጠች። ጠንቋይቱ በዳስ በዓሏ ቀን በዳሷ ውስጥ፣ ከራሷ በላይ ሮማን ተንጠልጥሎ፣ የልጅቷን አንገት በጋኔን ቋጠሮ አሰረች። ትኩሳቱ ለቀቃት። ምላሷ ግን ታሰረ። ይኸው እስከ ዛሬ ያቺ ልጅ በሰው ፊት ቃል አይወጣትም፤ እናቲቱ ሥጋዋን አትርፋ ነፍሷን ሸጠች። እዚህ ላይም ምልክት አድርገሃል።

ባርላሃ፣ ያቺ ልጅ እኔ ነኝ። ከዳሱ ጣሪያ ሮማን መንጠልጠሉን ከባለቤቶቹ ሌላ የምናውቀው እናታችን፣ አንተና እኔ ነን። እኔ ለማንም አልነገርኩም። እናታችን አንጾኪያን አይታ አታውቅም።

ቋጠሮ ያልከው የተቀቀለ በለስ ነው። ጉሮሮዬ አብጦ ውኃ አላሳልፍ ሲል እማማ ኮሎኒስ የበዓል ማዕዳቸውን ትተው ተነሡ። በለሱን በበፍታ ጨርቅ አድርገው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ፤ እብጠቱ እስኪፈነዳ ጨርቁን እየለወጡ ከአጠገቤ አልተነሡም። ዝምታዬ ደግሞ የእኔው ነው። ከመታመሜ በፊትም ነበረኝ። እናታችን፣ «ጡት ስትጠባ እንኳ አታለቅስም ነበር፤ ርቧት እንደሆነ የምናውቀው ስታየን ነው» ትላለች።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቡኝ። ባሲሳ አገጬን ይዛ፣ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ምን ልታዪ ልላት ነበር። ቃሉ እንደ ሁልጊዜው መንገድ ላይ ቀረ። «ይኸው!» አለች ወደ ሌሎቹ ዞራ፤ «ይኸው አይናገርላትም! እኔ አላልኳችሁም?»

አሁን ሰዉ ሁሉ ጠንቋይቱ ማን እንደሆነች አውቋል። ወይኑ ተለቅሞ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ከቄስ ማርያብ ጋር ይሰበሰባሉ። እማማ ኮሎኒስና ባላቸው አባባ ፊንሐስ ከከተማው ይውጡ ወይስ ይቆዩ፣ የሚወስኑት እሱን ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ለቄስ ማርያብ ጻፍላቸው። «ታሪኩ እንዲህ አልነበረም» በል፤ ሌላ አልፈልግም። እኔ ብል አይሰሙኝም፤ አንተ ብትል ያምኑሃል።

እህትህ


ከአንጾኪያ፣ በኤሉል ወር መጨረሻ

ለእህቴ ለዶምኒና፤

መደረቢያው ደርሶኛል። አንገቱ ልክ ነው፤ የእናቴን እጅ ሳሚልኝ። ስለ ሳሌ አትጨነቁ፤ ክፍሌ ወደ ወንዙ ስለሚያይ እርጥበት አለው እንጂ ሌላ ነገር የለብኝም። ምግብም እበላለሁ። መልስ ያዘገየሁት እሑድና ዓርብ ስብከት ስለነበረ ነው፤ በሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ የቀዳሁትን በብራና እስክገለብጥ ጣቶቼ ደነዘዙ።

ሰላምታሽን እንደያዝሽ ሳነብ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳቄ መጣ። ትንሿ እህቴ መቆጣት ጀመረች አልኩ።

ታሪኩን ለሰባኪው በማዕድ ላይ ያጫወትኳቸው እኔ ነኝ። በመልካም ነው ያጫወትኳቸው። ስለ ልጅነታችን ጠይቀውኝ ነበር፤ ስለ ጎረቤቶቻችን ደግነት ነበር የማወራው። እሳቸው እስከ ሎዶቅያ ድረስ ስማቸው የተሰማ ተናጋሪ ናቸው፤ የሰሙትን ነገር እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ያበጁታል። በዚህ ልትቀየሚ አይገባም።

ነገሩ ሥርዓት አለው፤ ትምህርት ቤት ያልዋለ ሰው ስለማያውቀው ይደነግጣል። በንግግር ትምህርት ቤት ማወደስና መንቀፍ ያስተምሩናል። የሚነቅፍ ሰው የባላንጣውን መልካም ነገር አያነሣም፤ አገሩን፣ አባቱን፣ ማዕዱን፣ በዓሉን ሁሉ ያጠቁራል። እኔ ለፈተና ፈረስን የሚነቅፍ ድርሰት ጽፌ ተሸልሜያለሁ፤ ፈረስ ደግሞ እንዴት እንደምወድ ታውቂያለሽ። አድማጩም ጌጥ መሆኑን ያውቃል። ሰባኪያችን እንዲያውም የሚቆጡት አይሁድን አይደለም፤ እኛን ነው። በየዓመቱ መለከት ለመስማት ወደ ምኩራብ የሚሮጠውን፣ ልጁን ለማስባረክ የሚወስደውን የራሳቸውን መንጋ ነው። በጉ እንዳይርቅ ተኩላውን ማግዘፍ የእረኛ ሥራ ነው። ደግሞስ አይሁድን ከነቢያቱ በላይ የነቀፈ ማን አለ? ከእነሱ ያልተወሰደ ቃል ብዙም የለበትም።

ያቺ ሴት ተቸግራ ከሆነ አዝናለሁ። ግን ስሟ አልተጠራም፤ ያንቺም አልተጠራም። ሰው ይረሳዋል።

ለቄስ ማርያብ ስለመጻፍ ያልሽው የሚሆን አይደለም። ሰባኪው የተናገሩትን፣ ያውም እኔ ራሴ የጻፍኩትን፣ እኔው ሐሰት ነው ብል ነገ በቦታዬ ሌላ ይቀመጣል። ፈጣን እጅ ያለው ሰው እዚህ ሞልቷል። ከዚህ ሥራ የሚላክላችሁንም አስቢ።

ወንድምሽ ባርላሃ


ከቤተ ዘይታ፣ በመጀመሪያው ተሽሪን ወር መግቢያ

ባርላሃ፤

ለዘይት ነጋዴው በቃል የሰጠኸውን ጥያቄ ነግሮኛል። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። የአባባ ፊንሐስ ክንድ ተሰብሯል። እናታችን «ይጨነቃል፣ አትጻፊለት» ብላ ነበር፤ ከገበያ ከሰማኸው በኋላ ግን ምኑን እደብቅሃለሁ። ቀኝ ክንዳቸው ነው። ገመድ የሚያከር ሰው በአንድ እጁ ምን ይሠራል?

በምኩራቡ ደጅ የወረወሩባቸው እነማን እንደሆኑ አልጽፍልህም፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለህ፤ ከእነሱ ጋር ወንዝ ወርደሃል። ሲወረውሩ «የአጋንንት ጉድጓድ! የአጋንንት ጉድጓድ!» ይሉ ነበር። ቃሉ የሰባኪው ነው፤ እዚህ ድረስ ያመጣው ግን ያንተ እጅ ነው። ጌጥ ነው አልከኝ። አባባ ፊንሐስን የመታቸው ድንጋይ ነው።

እዚህ ያንን ትምህርት ቤት የገባ ሰው የለም። ስብከቱን ስትልክ ትምህርት ቤቱን አብረህ አልላክህልንም። ዘብዳ የዘይት መጭመቂያ አለው፤ ባሲሳ ዳክዬ ታረባለች፤ ቄስ ማርያብ የቤተሰባቸውን በጎች በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ነው ዳዊት የደገሙት። ጠንቋይ ሲባሉ ጠንቋይ ነው የሚገባቸው። አንተ ፈረስን ስትነቅፍ ፈረሱ አልሰማህም፤ በሰፈሩም ፈረስ የሚጠላ ሰው አልነበረም። ምን ዓይነት ምሳሌ ነው?

ነቢያቱ ራሳቸው ብለውታል ትላለህ። ይህን ሳነብ ደብዳቤህን አጣጥፌ ወጥቼ ዞር ዞር ብዬ ተመለስኩ። እናታችን ስትቆጣኝ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ። «አንቺ ግንድ! አንቺ የማትረቢ! እንዳንቺ ያለ ልጅ ለጠላቴም አይስጠው!» ትለኛለች። ከዚያ እራቴን ታቀርብልኛለች። እንግዲህ ባሲሳ ከመስኮታችን ሥር ቆማ ይህን ሁሉ ትጻፍና፣ «እናቷ ራሷ ብላታለች» እያለች በዱላ ታስወጣኝ? ነቢያቱ የተቆጡት የገዛ ቤታቸውን ነው። ሲያለቅሱላቸውም የነበሩት እነሱ ናቸው። ሰባኪህ ቁጣውን ወስደው ልቅሶውን ምን አደረጉት?

ደግሞ «ያቺ ሴት» ብለህ ጽፈሃል። እንደዚህ ብለህ ጠርተሃቸው አታውቅም። እማማ ኮሎኒስ ነበር የምትላቸው፤ ዳቦ ስትፈልግማ «እማምዬ» ነበር።

ትናንት የመለከት በዓላቸው ነበር። ሌላ ዓመት ግማሹ ከተማ ከምኩራባቸው ደጅ ቆሞ ይሰማ የለ? ዘንድሮ አንድም ሰው አልሄደም። መለከቱ ሲነፋ ግን እኛ ሰገነት ላይ ወጥቼ ሳይ በየቤቱ መስኮቱ ተከፍቷል። ባሲሳም ዳክዬዎቿን መመገብ ትታ አንገቷን አዘንብላ ቆማ ነበር። ካለቀ በኋላ አማተበችና መስኮቷን ዘጋች።

እማማ ኮሎኒስን በግድግዳው ክፍተት በኩል አናገርኳቸው። «ከእኔ ጋር ስታወሪ እንዳያዩሽ» አሉኝ። «ይዩኝ» አልኩ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትመልሺ?» ብለው ሳቁ። ስብከቱ ስለ በለሱ ምን እንዳለ ስነግራቸው፣ «ንጉሥ ሕዝቅያስንም በበለስ ነው ያዳኑት። እሱንም ከከተማ ያስወጡታል?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ቤቱን ጥለው የት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው። አባባ ፊንሐስ ክንዳቸው ሳይጠገን መንገድ አይችሉም፤ ዘመድ ያላቸው በአፓምያ ነው፤ እሱም ይቀበላቸው እንደሆነ አያውቁም። ይህን ሲነግሩኝ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። እጃቸው አልቆመም።

የሽማግሌዎቹ ቀን ቀርቧል። አሁንም እለምንሃለሁ። ለቄስ ማርያብ ካልጻፍክ ለሰባኪው ንገራቸው። እሳቸው የሚሉትን እሰማለሁ።

እህትህ


ከአንጾኪያ፣ በዚያው ወር

ለዶምኒና፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አባባ ፊንሐስ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ክንዳቸው በቀጥታ መታሰሩን ጻፊልኝ። ከዚህ የሚላክ ቅባት ካለ እልካለሁ፤ ከእኔ መሆኑን ግን አትንገሪያቸው።

ለሰባኪው ነግሬያቸዋለሁ። ከፊታቸው መቆም ምን እንደሆነ ብታውቂ አትፈርጂብኝም ነበር። «አባቴ፣ በስብከትዎ ያነሷት ልጅ እህቴ ናት፤ ነገሩም እንደዚያ አልነበረም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «የትኛዋ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ትዝ አላላቸውም። ኋላ ሲያስታውሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ «ልጄ፣ እንደዚያች ያለች ልጅ በየከተማው አለች። ያንተ እህት ካልሆነች የሌላ ሰው እህት ናት» አሉ። ከዚያ ያንኑ ስብከት ለሌሎች ከተሞች እንድገለብጥ አዘዙኝ። እየገለበጥኩ ነው።

ከዚህ የበለጠ ማድረግ አልችልም። አንቺም ከዚህ በላይ አትግቢበት። ሴት ልጅ ነሽ፤ ነገ የሚያገባሽ ሰው ይህን ሁሉ ይሰማል። ዝም በይ። ዝምታ ድሮም ያምርብሻል።

ባርላሃ


ከቤተ ዘይታ፣ በመጀመሪያው ተሽሪን ወር መጨረሻ

ባርላሃ፤

ክንዳቸው በቀጥታ ታስሯል፤ እማማ ኮሎኒስ ናቸው ያሰሩት። ቅባቱም ደርሷል። ከአንተ መሆኑን ነገርኳቸው። አትንገሪ ያልከኝን ሁሉ እሺ ማለት ትቻለሁ።

ለመጨረሻ ደብዳቤህ መልስ ያልሰጠሁት ስላዘንኩ ነው የመሰለህ? እናታችን እንዲያ ብላ እንደጻፈችልህ አውቃለሁ። አላዘንኩም። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነበር፤ አሁን አግኝቻለሁ።

ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በዓምዶቹ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። የሚወሰንባቸውን ሰዎች አልጠሩም። እኔን ግን ከእናታችን ጋር አስመጡኝ፤ ማስረጃ ነኝ አይደል? እንደ ተሰነጠቀ እንስራ መሐል ላይ አቆሙኝ።

«ነገሩ የታወቀ ነው» አሉ ቄስ ማርያብ፤ «ልጅቷም ይችውና።»

ዘብዳ፣ ባለ ዘይት መጭመቂያው፣ «ልጅቷ ራሷ ምን ትላለች?» አለ።

«ምን ልትል ኖሯል!» አለች ባሲሳ ከሴቶቹ መሐል። «ምላሷ ታስሯል እያልን ምን ትበል? በጣቷ ታውራ?» ሰዉ ሳቀ።

«አልታሰረም» አልኩ።

«ምን አለች?»

«አልታሰረም አልኩ።»

ዘብዳ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ጮክ በይ ልጄ፤ የእኔ ጆሮ ካንቺ ምላስ ይብሳል» አለ።

እንግዲህ ጮህኩ። ስለ በለሱ ነገርኳቸው፤ ስለ ጨርቁ፣ ስለ እብጠቱ፣ የበዓል ማዕዳቸውን ትተው ስለመነሣታቸው። ድምፄ እንደ ፍየል ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አላቆምኩም። ስጨርስ ዘብዳ እጁን ከጆሮው አወረደ። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ቄስ ማርያብ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጋኔን ሲፈልግ ያስራል፣ ሲፈልግ ይፈታል» አሉ። «ዛሬ የተናገረችው እሷ ናት ወይስ እሱ? በምን እናውቃለን?»

አየህ ያንተን ጌጥ? ዝም ስል ጋኔን ነው፤ ስናገር ጋኔን ነው። እኔ በየት በኩል ነው የምገባው? እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እናታችን ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጣቷ የያዘኝ ቦታ ቀልቷል።

«እንዲህ ከሆነ ትማል» አለ ዘብዳ።

«ትማል» አሉ ቄስ ማርያብ። «ግቢ፤ በመሠዊያው ፊት ማይ።»

«በመሠዊያው ፊትማ የባሌም ወንድም ምሎ ነበር!» አለች ባሲሳ። «በጋችሁን አላየሁም ብሎ ማለ። ቆዳውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምን ሆነ? ይኸው ወፍሮ ይኖራል! እውነቷን ከሆነ እዚያ ትማል።»

«እዚያ የት?»

«እዚያ ነዋ። ምኩራብ። እዚያ በሐሰት የማለ ሰው ዓመቱን አይደፍንም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «እሱስ እውነቷን ነው» አለ አንዱ። «አባቴም የመሬቱን ነገር የጨረሰው እዚያ አስምሎ ነው» አለ ሌላው። ቄስ ማርያብ በቁጣ ቀሉ። «የምን እብደት ነው! ያንን ደጅ የረገጠ ክርስቲያን ከቁርባን ይለያል! ስብከቱ ሲነበብ የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ ነበርን አባ» አለች ባሲሳ፤ «አጨበጨብን እኮ። መሐላ ግን ሌላ ነገር ነው።»

እንዲህ ናቸው፣ ባርላሃ። የአጋንንት ጉድጓድ ነው ብለው ድንጋይ የወረወሩበት ቤት፣ ሐሰት የማይነገርበት ብቸኛው ቤትም እሱው ነው። ሁለቱንም ባንድ አፍ ይላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይነካባቸውም። ሰባኪህ ይህን ቢሰሙ ምን ያሉ ይሆን? እኛን ለማስፈራራት ያን ሁሉ ቃል አወጡ። ባሲሳ ግን የፈራችው ድሮ የምትፈራውን ነው። ከዚያ ሁሉ ቃል የተረፈው የአባባ ፊንሐስ ስብራት ብቻ ነው።

ሄድኩ። እናታችን እስከ ደጁ ተከተለችኝ፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። ቄስ ማርያብ ከኋላዬ፣ «ዶምኒና፣ ተመለሺ፤ ኋላ አልተነገረኝም እንዳትዪ» አሉኝ። ደግነትም ነበረበት፤ አልዋሽም። ውስጡ ምን እንደሚመስልና ምን ብዬ እንደማልኩ አልነግርህም። ጆሮህ የሰማውን እጅህ ይጽፈዋል።

ይቆያሉ። ይህ ተወስኗል። ዘብዳ ነው የተናገረው፤ ማንም አልተቃወመም። ባሲሳ እንዲያውም በማግስቱ ለአባባ ፊንሐስ የዳክዬ እንቁላል ላከች፤ በልጇ እጅ፣ በጓሮ በር። አሁን ሁሉም በጓሮ በር ነው የሚመጣው። ምጥ ሲይዛቸውም በጓሮ በር ይጠሯቸዋል። በፊት ለፊት በር እማማ ኮሎኒስን ሰላም የሚላቸው ሰው የለም።

እኔ ከቁርባን ተለይቻለሁ፤ እስከ ፋሲካ ድረስ። ሰው ሲገባ እኔ ከደጅ እቀራለሁ። ከባድ ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። መዝሙሩ በበሩ በኩል ይሰማኛል፤ አፌን ዘግቼ አብሬ እላለሁ።

እማማ ኮሎኒስ ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ማን ማይልኝ አለሽ?» አሉኝ። «የዚህን ከተማ ልጅ ሁሉ የተቀበልኩት በዚህ እጄ ነው። በገዛ ቤቴ ለመኖር የአንዲት ልጅ መሐላ ያስፈልገኛል? ባትምይልኝ ኖሮ ጠንቋይ ነበርኩ ማለት ነው?» እውነታቸውን ነው። ማንም ምሎልን አይደለም እኛ እዚህ የምንኖረው። አለቀስኩ። እሳቸውም፣ «በልተሻል?» አሉኝ። ምስርና ዳቦ አቀረቡልኝ፤ እስክጨርስ ድረስ ቁጣቸው አልበረደም፤ ቢሆንም ሳህኑን ደግመው ሞሉልኝ።

እህትህ


ከአንጾኪያ፣ በሁለተኛው ተሽሪን ወር መግቢያ

እህቴ ዶምኒና፤

ለዚህ ደብዳቤ ቶሎ መልሺልኝ፤ ዘይት ነጋዴው አንድ ቀን ብቻ ነው እዚያ የሚያድረው፤ እንዳያመልጥሽ።

ቄስ ማርያብ ጽፈዋል። ሰባኪው ያደረግሽውን ሰምተዋል፤ በፊቴ ነው ደብዳቤው የተነበበላቸው። በጣም ተቆጡ፤ ከዚያ ደግሞ ደስ አላቸው፤ እንዴት ብዬ እንደማስረዳሽ አላውቅም። የሚቀጥለው እሑድ ስለ አንዲት ክርስቲያን ልጅ ሊናገሩ ነው፤ በምኩራብ ስለማለች ልጅ። በኋላ ምን እንደደረሰባት ይጨምሩበታል። ምን እንደሚጨምሩ አልነገሩኝም፤ ግን አውቃቸዋለሁ፤ መልካም አይሆንም። የምጽፈው እኔ ነኝ። ከዚያ ይገለበጣል፤ በየከተማው ይነበባል፤ እናንተም ጋ።

ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም። እምቢ ማለት አልችልም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ቢሆንም አንድ ነገር ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ስምሽ አይጠራም። የአባታችን ስምም፣ የከተማችንም ስም አይነሣም። «አንዲት ልጅ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ» ብቻ ይላሉ። ይህን ያህል እንኳ ላደርግልሽ ስለቻልኩ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ደስ ይልሻል ብዬ አስባለሁ። ይበቃሻል ወይ?

ወንድምሽ


ከቤተ ዘይታ፣ ነጋዴው ሳይነሣ

ባርላሃ፤

አይበቃኝም።

እናታችን ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች። እኔም ዛሬ ሰላም ብዬሃለሁ፤ በእውነት ነው። በጣም እንደፈራህ ከጽሕፈትህ አይቻለሁ፤ መስመሮችህ ወደ ታች ይወርዳሉ። እምቢ በላቸው አልልህም። ለመንኩህ፣ አልቻልክም፤ እሱ አልፏል።

ግን ያንን ልመናህን አንሣ። ዛሬውኑ ሄደህ አንሣ።

«አንዲት ልጅ» ሲሉ አጨብጫቢው የሚጠይቀው ሰው የለውም። የሌለችን ልጅ እንደፈለጉ ያደርጓታል፤ ምላሷን ያስራሉ፣ ያሳብዷታል፣ ገደል ይከቷታል። ቀድሞ እንዲህ ነው ያደረጉኝ። እማማ ኮሎኒስንም «አንዲት ጠንቋይ» ባይሏቸው ኖሮ፣ ስማቸውን ጠርተው ቢሆን፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሥር ሰው ተነሥቶ «አባ፣ ኮሎኒስን እናውቃቸዋለን» ባለ ነበር ብዬ አስባለሁ። ባይነሣም፣ እያንዳንዱ እንዳልተነሣ ያውቀው ነበር። ስም ሲደበቅ የሚድነው ተናጋሪው ነው፤ አንተ እኔን ያዳንከኝ መስሎሃል።

ስለዚህ ጻፍ። እጅህ ፈጣን ነው፤ ሁሉንም ጻፍ፤ የሚጨምሩትንም ጭብጨባውንም ጻፍ። ስሜን ግን አስገባ። ዶምኒና በል። የማሪኖስ ልጅ በል። ከቤተ ዘይታ በል፤ ከድልድዩ ወርዶ በገመድ ሠሪው በፊንሐስና በአዋላጇ በኮሎኒስ ቤት አጠገብ ያለው ቤት በል። ከየትኛውም ከተማ የሰማ ሰው፣ ያች ልጅ ምን ደረሰባት ብሎ ካሰበ፣ መንገዱን ይወቅ። ይምጣና ይጠይቀኝ። እመልስለታለሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ይታገሠኝ።

እሺ ካላሉህ፣ በምትገለብጠው ላይ አንተው አስገባው። ይህን ስለምን እንደምጠይቅህ ታውቃለህ። ይህንንም ካልቻልክ፣ እዚህ ሲነበብ እኔ ከደጅ ቆሜ እሰማለሁ። «አንዲት ልጅ» የሚለው ጋ ሲደርሱ፣ በዚያው በር በኩል ስሜን ራሴ እጠራዋለሁ።

ነጋዴው አህዮቹን እየጫነ ነው።

ዶምኒና፣ የማሪኖስ ልጅ፣ ከቤተ ዘይታ